በረኪና የማያነጣው

የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጠዋት ጠዋት በእንፋሎት ይሞላል። የተሰጡት አንሶላዎች ሲወዛወዙ አጣቢዋ ደመና መሃል የምትሄድ ይመስላታል። እዚያ ማንም አያያትም፤ እንደ ልቧ ትስቃለች። ሰው ፊት ስትቆም ግን እጇ ሳታዘው ወደ አፏ ይሄዳል። ጥርሶቿ ከልጅነቷ ጀምሮ ቡናማ ናቸው።

ቅዳሜ ታናሽ እህቷ ታገባለች። «እታለም፣ በሰርጌ ፎቶ ላይ አፍሽን ከሸፈንሽ እስከ መቼውም አኮርፍሻለሁ» ብላታለች።

ማንጣት ደግሞ ሙያዋ ነው። ወይን የፈሰሰበትን፣ ዝገት የነካውን፣ ስንቱን እድፍ በበረኪና መልሳለች! ስለዚህ ዛሬ ጥጥ ጠቅልላ፣ በረኪናውን በውሃ አቅጥና፣ ከመዘፍዘፊያው ጥግ ቆመች። ሽታው ዓይኗን ቆነጠጣት። በእንባዋ ውስጥ ፎቶው ታያት፦ እሷ፣ እህቷ፣ ነጭ ሳቅ።

«ምነው፣ ጥርስሽን ልትዘፈዝፊው ነው?» አለ ከኋላዋ ልብስ ተኳሹ። ሽማግሌ ነው፤ ሁሉም ጋሽ እንፋሎት ይሉታል።

«አቅጥኜዋለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«ቀጭን እባብም እባብ ነው።»

«እርስዎ ደግሞ! አንሶላ የቻለውን እኔ ያቅተኛል?»

ጋሽ እንፋሎት ከመተኮሻው ጠረጴዛ አንድ አሮጌ አንሶላ አንሥቶ ዘረጋላት። ከሁሉም ይልቅ የነጣ ነበር። «ዕድሜ ልኩን በረኪና የጠጣ ነው፤ እዪው እንዴት እንደሚያምር» አለና በሁለት ጣቱ ሳብ አደረገው። ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ተተረተረ። «አንሶላ አዲስ ይገዛል። ድድ የሚሸጠው የት ሱቅ ነው?»

ጥጡን ጣለችው። ነጩ ሳቅ ግን አሁንም አልተገኘም። ከሥራ ስትወጣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደች።

«እድፍ አይደለም» አላት ሐኪሙ። «ጥርስሽ ገና ድድሽ ውስጥ ሲሠራ የጠጣሽው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ነው ያቀለመው። በሶዳ ብትፈትጊው አይለቅም፤ በረኪና ደግሞ ያቃጥልሻል፣ ከተዋጠም አንጀት ይጎዳል። ሕክምና አለው፤ ግን ቀስ ተብሎ ነው፤ ለቅዳሜ አይደርስም።»

ወደ ቤት ስትሄድ የልጅነቷ ውሃ ትዝ አላት። እህቷ ሳትወለድ በፊት የነበሩበት ግቢ፣ ጥልቁ ጉድጓድ፣ ገመዱን የምትስበው እናቷ። ውሃው ጥርስ ያደነዝዝ ነበር። እሷ በመዳፏ እየጨለፈች ትጠጣለች፤ ባልዲው ውስጥ ፊቷ ይሰባበራል፤ እናቷ ትስቃለች። ያ ሁሉ አፏ ውስጥ አለ። ልታጥበው የነበረው እሱን ነው።

ቅዳሜ ፎቶ አንሺው «ፈገግ!» አለ። እህቷ በክርኗ ጎሸመቻት። የአጣቢዋ እጅ እንደ ልማዱ ተነሣ።

ካሜራው ጀርባ፣ እንደ ብርጭቆ የተተኮሰ ኮት የለበሰው ጋሽ እንፋሎት አንገቱን አሰገገ። «እባቡስ? ቀጠነ?»

ሳቋ እጇን ቀደመው።