ቁስሉ ወይስ ንፍፊቱ

ብርነሽ እጇን በከሰል ካውያ ያቃጠለችው ሆን ብላ ነው። ይኼን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ማወቄ ደግሞ ዶክተሩ በመጣበት ሳምንት እንቅልፍ ነሳኝ።

ኸዲጃ እባላለሁ። ጂንካ ገበያው አጠገብ ባሌ ሐቢብ ጨው፣ ስኳርና አቡጀዲ የሚሸጥባት ሱቅ አለችን። ብርነሽ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰን ልብስ ሰፊ ናት። እሷ የክርስቲያን ልጅ፣ እኔ የእስላም፤ አንዳችን የሌላዋን ሥጋ አንበላም እንጂ ያልተካፈልነው ነገር የለም። የኔ ልጆች የሷን ክር ይጨርሳሉ፣ የሷዎቹ የኔን ስኳር። ምላሰኛ ነሽ ይሉኛል። ይበሉኝ፤ የሷን ዝምታ ያላየ ሰው ነው እኔን የሚፈራ።

ነገሩ የተጀመረው በረመዳን መጨረሻ ነው። ለዒድ የልጆቼን ልብስ ልትለካ መጥታ፣ ልጆቹን አስወጥታ በሩን ዘጋችና «እስቲ ብብቴ ውስጥ ንኪኝ» አለችኝ። ነካሁ። እንደ ባቄላ ጠጠር ያለ ነገር አለ፤ አንድ ብቻም አይደለም። «የት ቆስለሽ ነው?» አልኳት። እኛ ጋ ንፍፊት ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይኼንኑ ነው። እግር ከቆሰለ ብሽሽት ያብጣል፣ እጅ ከቆሰለ ብብት፤ ይኼን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። እሷ ግን ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችልኝ፤ ጭረት የለባቸውም። ቀጥላ እጄን ያዘችና ወደ ቀኝ ጡቷ ወሰደችው። እዚያ ያለው ከባቄላ ይበልጣል።

«ለሰው ከተናገርሽ አንቺና እኔ ተቆራረጥን» አለችኝ። «ወላሂ በዪ።»

ወላሂ አልኩ። ደንግጬ ነበር፤ የደነገጠ ሰው ያሉትን ይላል።

ምን እንደምትፈራ አውቃለሁ። የምትፈራው ጥሩዬን መሆን ነው። ጥሩዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለች ሴት ናት፤ ከጥቂት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄዳ ኦፕራሲዮን ሆነች፣ ጡቷንም የብብቷንም ንፍፊት አወጡላት። ዳነች፤ ክንዷ ግን አበጠና ትራስ አከለ። ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ ቁጭ ብላ፣ ክንዷን ጭኗ ላይ አስተኝታ መንገደኛ ታያለች። ሊጥ ማቡካት የለ፣ ውሃ መቅዳት የለ። ብርነሽ ቀሚስ ሰፍታላት ክንዷ በእጅጌው አልገባ ብሎ፣ ስፌቱን ፈትታ ሌላ ጨርቅ ስትቀጥልበት ዋለች። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

እኔ አልፈርድባትም። ባሏ መኮንን የመንግሥት ሾፌር ነው፤ እህል ጭኖ ወደ ካንጋተን ቆላ ከወረደ ወንዙ ሞልቶ ይይዘዋል፣ ይቆያል። ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ በስፌት መኪናዋ ናት። እና መኮንን ሊመለስ ነው በተባለ ሰሞን ብርነሽ ክንዷን ከጎኗ አርቃ መሄድ ጀምራ ነበር። ያያታል። የት ቆስለሽ ነው ይላታል። የምትሰጠው መልስ ያስፈልጋት ነበር፤ መልሱን በካውያ አበጀችው።

ስትጮህ አልሰማሁም፤ አልጮኸችማ። የሚተኮስ ልብስ ይዤ ስገባ የቀኝ እጇ ጀርባ ላይ የካውያው ጫፍ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። «አመለጠኝ» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትተኩስ የኖረች ሴት። ዓይን ዓይኗን ሳያት ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሁን ቁስል አለኝ» አለችኝ። በጥፊ ላጮላት ፈለግሁ፣ ላቅፋትም ፈለግሁ፤ ንጹሕ ጨርቅ ፈልጌ እጇን ጠቀለልኩላት።

የአላህ ሥራ፣ ያጋለጣት ያው ቁስል ሆነ። መግል ቋጠረና እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ድሬሰሩ ዶላሞ ቁስሉን አጥቦ ብብቷን ዳሰሰ፤ ደህና ሲጫወት የነበረ ሰው ጨዋታውን ትቶ ነርሷን ጠራ። ነርሷ ጡቷ ላይ ያለውንም ደረሰችበት። እንደ ዕድል ሆኖ ቀዶ ሐኪም ከአዲስ አበባ ለጥቂት ቀን ይመጣል ተብሎ ነበር።

መጣም። ከብቱን ከሜዳው አባረው ዳኮታዋ አውሮፕላን አረፈች፤ ቀጠን ያለ፣ ዓይኑ የደከመ ወጣት ወረደ። ዶክተር ዓባይነህ ይባላል። በሚቀጥለው በረራ ይመለሳል አሉ። ብርነሽን ሲመረምራት መኮንንም ከካንጋተን ተመልሶ አጠገቧ ነበር፤ እኔም አልወጣም ብዬ ቆምኩ።

«ጡቱን አወጣዋለሁ፤ እሱ አያከራክርም» አላት ዶክተሩ። «ያስቸገረኝ ብብቱ ነው። በሽታው ወደ ብብት ተሻግሮ ከሆነ እዚያም ገብቼ ማጽዳት አለብኝ፤ ከተውኩት እዚያው አድጎ ወደ ሌላ ሰውነት ይሄዳል። ግን እጅዎ ቆስሏል፣ ቁስልም ንፍፊት ያመጣል። ከቁስሉ ከሆነ ደግሞ ብብትዎን ከፍቼ ክንድዎን በከንቱ መጉዳቴ ነው። ሊያብጥብዎት ይችላል፣ ሊደነዝዝ ይችላል። ልብስ ሰፊ ነዎት አሉኝ።»

«አዎ» አለች።

«እዚህ የሚለይልኝ ላቦራቶሪ የለም። ናሙና አዲስ አበባ ልኬ መልሱ እስኪመጣ እኔ እዚህ አልገኝም። ስለዚህ የምጠይቀው እርስዎን ነው። የቱ ቀደመ፤ ቁስሉ ወይስ ንፍፊቱ?»

«ቁስሉ» አለች ብርነሽ። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

መኮንንም ቀበል አድርጎ፣ «ስመለስ እጇ ተጠቅልሎ ነው ያገኘኋት፤ ንፍፊቱን ያየሁት ከዚያ ወዲያ ነው» አለ። ምስኪን፣ ያየውን ነው የተናገረው።

«እንግዲያው ብብቱን አልነካውም» አለ ዶክተሩ። «ነገ ጠዋት እንሠራለን።»

አንድ ቃል ብተነፍስ መሐላዬ ፈረሰ፤ ዝም ብል ደግሞ ጓደኛዬ አለቀላት። እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። ሐቢብ ስኳር ሲመዝን አገኘሁትና «መሐላ ያፈረሰ ሰው ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ምን አጠፋሽ?»

«ጠየቅሁህ እኮ ነው።»

«አሥር ድኻ ያበላል፤ ካልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል» አለ፣ ከሚዛኑ ቀና ሳይል። «ባይምል ነው የሚሻለው።»

ለካስ መውጫ አለው። ትንሽ ተነፈስኩ፤ ግን ትንሽ ብቻ ነው። እኔ ተናግሬ እሷ ብትክድስ? ዶክተሩ የታማሚዋን ትቶ የጎረቤቷን ይሰማል?

ማምሻውን ብርነሽ ወደተኛችበት ሐኪም ቤት ተመልሼ ሄድኩ። አልጋው ላይ ጋደም ብላ ጣሪያውን ታያለች፤ መኮንን ልጆቹን ሊያይ ወጥቷል።

«ለዶክተሩ ልነግረው ነው» አልኳት።

«ንገሪው። ውሸቷን ነው እለዋለሁ።»

«ትሞቻለሽ እኮ ብርነሽ።»

«ከሞትኩ ሞትኩ። እንደ ጥሩዬ ደጅ ላይ ተጎልቼ ልጆቼ ሲያጎርሱኝ አልኖርም።»

ያኔ ንድድ አልኩ። «ደግ» አልኳት። «ልጆችሽን እኔ አሳድጋቸዋለሁ፤ ለነሱ አታስቢ። ግን እናታችን በምን ሞተች ብለው ሲጠይቁኝ አልዋሽም። ክንዷን ከናንተ መርጣ ነው እላቸዋለሁ።»

ከአፌ እንደወጣ ቆጨኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። ልነካት እጄን ብዘረጋ «ሂጂልኝ» አለች። ሄድኩላት።

ጠዋት ጾም ይዤ ገሰገስኩ። አሥር ድኻ የማበላበት አቅም የለኝምና የመሐላው ዕዳ በጾም ቀድሞ ይጀመር ብዬ ነው። ዶክተሩ ብርነሽን ወደ ኦፕራሲዮኑ ክፍል ሊያስገባ ሲመጣ በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ዶክተር፣ የትናንቱን ጥያቄ አንዴ ይድገሙላት።»

«የትኛውን?»

«የቱ ቀደመ ያሉትን።»

አየኝ። ቀጥሎ እሷን አየ። የአልጋዋን ብረት ያዝኩ። ብትክድ መናገሬ አይቀርም፤ ከተናገርኩ በኋላ ግን እሷ የኔ አይደለችም፣ በዚያች ግድግዳ ማዶ የማላውቃት ሴት ትሆናለች። መኮንን ግራ ተጋብቶ አንዴ እኔን አንዴ ሚስቱን ይመለከታል።

«ወይዘሮ ብርነሽ» አለ ዶክተሩ፣ «የቱ ቀደመ?»

የተጠቀለለ እጇን ስታይ ቆየች።

«እሷን ይጠይቋት» አለች በመጨረሻ። «ከቁስሉ በፊት የነካችው እሷ ናት።»

ምላሰኛዋ ኸዲጃ ድምፅ አጣሁ። እንደ ምንም «ንፍፊቱ» አልኩ። «በረመዳን ጾማችን ጊዜ ነበረ። እጇ ደህና ነበረ።»

መኮንን «ታዲያ ይኼ እጅሽ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ገባው። አልጋው ጫፍ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠና የተቃጠለውን እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

ዶክተሩ አልተቆጣም። «ካልፈቀዱልኝ አልከፍተውም» አላት። «ልክፈተው?»

«ክንዴን የሚችሉትን ያህል ይተዉልኝ።»

«የምችለውን አደርጋለሁ። ቃል ግን አልገባም።»

ውጪ ዛፉ ሥር ተቀመጥን፣ እኔና መኮንን። እሱ ሥላሴን ይጠራል፣ እኔ በሆዴ ያ ረቢ እላለሁ። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ትናንት ያልኳት ነገር ደጋግሞ ትዝ ይለኛል፤ ሳትነቃ ብትቀር የመጨረሻ ቃሌ እሱ ሊሆን ነው። መኮንን አንዴ ብቻ «ለኔ ለምን አልነገረችኝም?» አለ።

ፀሐይ አናት ላይ ከደረሰች በኋላ ዶክተሩ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ደህና ናት» አለ። «ብብቷ ውስጥ ብዙ ነበረ፣ ወደ ውስጥም ዘልቋል። ያየሁትን ሁሉ አውጥቻለሁ፤ ያላየሁትን እግዚአብሔር ያውቃል። ናሙናውን ይዤው እሄዳለሁ፣ መልሱ ጊዜ ይወስዳል።» ሊሄድ ዞሮ ቆመ። «ትናንት እንዳለችኝ ብሠራ ኖሮ በሽታውን እዚያው ጥዬው ነበር የምሄደው።»

መኮንን አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ እሷ ሳትነቃ ደስ አይለኝም።

ከሰዓት በኋላ ነቃች። ክንዷ በፋሻ ከደረቷ ጋር ታስሯል። ከንፈሯን በርጥብ ጨርቅ አራስኩላት።

«ነበረበት?» አለችኝ።

«ነበረበት።»

«ብዙ?»

«ብዙ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ተኛች ብዬ ስነሳ በግራ እጇ ነጠላዬን ያዘችኝ።

«እንግዲህ እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ጨርቁን የምትይዢው አንቺ ነሽ።»

በዕድሜዬ አንድ ቀጥ ያለ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም፤ ይኼን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እሺ» አልኳት።