ብርድ ልብስ የለበሰው ቫኪዩም

ሰፈሩ «ይቆይ» የሚል ስም ያወጣለት ሰውዬ፣ አዲስ ጫማ የገዛ ዕለት ጫማውን በብብቱ ሸጉጦ በባዶ እግሩ ነው ቤቱ የገባው ይባላል። ክብሪት ሲጭር ግማሹን ነበልባል ለነገ ያስቀምጣል የሚሉም አሉ። ሚስቱ ነበልባሉን አላየችም። የቫኪዩሙን ግን በዓይኗ በብረቱ አይታለች።

አቧራ ስቦ የሚያጸዳው ቫኪዩም የተገዛው ለእሷ ደረት ነበር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ መጥረጊያ እንዳትነኪ፤ ትንፋሽሽን የሚያሳጥረው አቧራው ነው» ቢላት፣ እህቷ ማሽኑን ገዝታ በታክሲ አመጣችላት። ይቆይ እጁን ታጥቦ ከካርቶኑ አወጣው።

«እንዲህ ያለ ዕቃ በወጉ ከተያዘ እኛንም ይቀብራል» አለ።

የመጀመሪያውን ወር ሰዓቱን ይዞ አጠገቧ ቆመ። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ሶኬቱን ይነቅልና «ደከመው» እያለ ሞተሩን በጋዜጣ ያራግባል። ጎማው እንዳይጫር ከክፍል ክፍል አቅፎት ይዞራል። አቧራ ማጠራቀሚያውን መክፈትም ከለከለ፤ መክፈቻው ይላላል ብሎ። ቀጥሎ በሳምንት አንዴ ሆነ፣ ቀጥሎ እንግዳ ሲመጣ፤ በመጨረሻ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ የእሷን ብርድ ልብስ ለበሰ። እሷ ኮቷን ደርባ ተኛች።

መጥረጊያውም ተመለሰ። አፍንጫዋን በሻሽ አስራ፣ ወለሉን ውኃ እየረጨች፣ ስምንት ዓመት ጠረገች።

«ዛሬ እንኳን ላውጣው፤ ደረቴ አላስቆም አለኝ» ትለዋለች።

«ትንሽ ይረፍ።»

«እኔስ?»

«አንቺ ደግሞ ከዕቃ ጋር ትፎካከሪያለሽ?»

አንድ ጠዋት ከመኝታ ቤት ሳሎን እስክትደርስ ሦስቴ ቁጭ አለች። ይቆይ ፀጉር ቤት ሄዶ ነበር። ብርድ ልብሱን ገፈፈችና ሶኬቱን ሰካች። ማሽኑ አንዴ አቃሰተ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ ዝም አለ።

ይቆይን ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበለው። ገብቶ አየና «ገደልሽው» አለ፣ ድምፁን እንኳን ከፍ ሳያደርግ።

ከምድር ቤት የተጠራው ጠጋኝ የማሽኑን ሆድ ከፈተ። ብሩሹን የሚያዞረው ጎማ ጣቱ ላይ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ማጠራቀሚያው ውስጥ የመጀመሪያው ወር አቧራ እርጥበት ስቦ ጡብ ሆኗል።

«ብዙ ሠርቷል?»

«ምን ሠርቶ! አዲስ ነው፤ አልተነካም» አለ ይቆይ።

«እሱ ነዋ፣ አባባ። አቧራውን እየደፋችሁ፣ ማጣሪያውን እያጠባችሁ፣ ብሩሹ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉር እየቆረጣችሁ በየሳምንቱ ብትሠሩበት ገና ብዙ ይሄድ ነበር። ተቀምጦ ነው የደረቀው።»

ይቆይ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሰማሽ? ፀጉርሽ ነው ያነቀው።»

ጠጋኙ ቀና ብሎ አያት። እሷ ጠጋኙ ዕቃውን ሰብስቦ እስኪወጣ ጠበቀች፤ ከዚያ ልብሷን በፌስታል ከተተች፣ ብርድ ልብሷን አጠፈች፣ መጥረጊያውን ባሏ እጅ ላይ አኖረች። በሩ ጋ ስትደርስ ግድግዳውን ይዛ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«የት ነው?»

«እህቴ ጋ።»

«እስከ መቼ?»

«ትንሽ ልረፍ» አለችው።

ኮቴዋ ደረጃው ላይ እየቆመ፣ እየቀጠለ ወረደ። ይቆይ ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጠ። ከዚያ መጥረጊያውን በር ጥግ አቁሞ፣ የራሱን ብርድ ልብስ አምጥቶ ማሽኑን አለበሰው።