ሜ ያሞ አሰገደች

አሰገደች ብቻዋን ማውራት ከጀመረች ወር አልፏታል። ዲላ ከተማ ዳር ባለው የቡና መጋዘን ከመቶ የማያንሱ ሴቶች እግራቸውን ዘርግተው፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ ከደህናው ሲለቅሙ ይውላሉ። እጅ ይለቅማል፣ አፍ ያወራል፤ ያለ ወሬማ ቀኑ እንዴት ይመሻል! የአሰገደች አፍ ግን ከሰው ጋር ስምምነት የለውም። ጥቁር ፍሬ ባነሳች ቁጥር «ሜ ያሞ አሰገደች» ትላለች፤ ደግሞ ታነሳለች፣ ደግሞ ትላለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልሳን ወረደብሽ እንዴ?» አለቻት ከጎኗ የምትቀመጠው ቆንጅት።

«ልሳን አይደለም። የስፔን ቋንቋ ነው። ስሜ አሰገደች ነው ማለት ነው።»

ሴቶቹ ሰፌዳቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ስምሽንማ መች አጣነው!» አለች አንዷ። አሰገደችም አብራ ሳቀች። እውነቱን ቢያውቁት ከመሃላቸው የምትስቅ አንዲትም አትገኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት አሰገደች ከዲላ አጠገብ ካለችው ከጪጩ ከፍ ብሎ ባለው ቀበሌ ባሏን ሙሉካን በሦስት ቀን ሕመም አጣች። ሐዘኗ ሳይወጣላት እሷም ደም ያስላት ጀመር። ትንቢት የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ሌላ የላትም። እሞታለሁ ብላ ቆረጠች። ልጄ ከማን ጋር ትቀራለች እያለች ስታለቅስ የባሏ ወንድም ታዲዮስ አንድ ደላላ ይዞላት መጣ። ደላላው ልጆችን ውጭ አገር ከሚያሳድጉ ሰዎች ጋር የሚያገናኝ ነው። «እናት ያላትን ልጅ አይወስዱም። ሁለቱም የሞቱባት መሆን አለባት» አለ።

እና ሞተች። ፍርድ ቤት ቀርባ «እናትየዋ አሰገደች ሞታለች፤ እኔ እህቷ ገነት ነኝ» አለች። ዳኛው መቼ እንደሞተች ሲጠይቋት ትንሽ አሰበችና «ሰኔ ላይ» አለች። የገዛ ሞቷን ወር ራሷ የመረጠች ሴት ከእሷ ሌላ መኖሯን እንጃ። ጣቷን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት፤ ልጅቷም ሄደች። ሞት ግን ቀጥሮ ቀረ። የጤና ጣቢያው መድኃኒት በስምንት ወር አዳናት፤ አሰገደችም ልጇን ሰጥታ ጤናዋን ይዛ ቀረች።

ሁለት ጊዜ ፎቶ መጣ፤ ከዚያ ዝም። ዘንድሮ ጥር ላይ ግን ኢዮስያስ የሚባል አስተርጓሚ ከአዲስ አበባ ለታዲዮስ ደወለ። ትንቢት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ መጋቢት ላይ ካሳደገቻት ሴትዮ ጋር ከስፔን ትመጣለች። የእናቷን መቃብር ማየት፣ አክስቷንም መሳም ትፈልጋለች።

«አክስት ሆነሽ ትቀበያታለሽ፣ አለቀ» አላት ታዲዮስ።

አሰገደች በሆዷ ግን ማለች፤ ያኔ በሰው ምክር፣ በሰው ስም ተናግሬ ነው ልጄን ያጣኋት፤ አሁን በራሴ አፍ፣ እሷ በምትሰማው ቋንቋ እናትሽ እኔ ነኝ እላታለሁ አለች። በአስተርጓሚ አልፈልግም። ይቅርታ መለመን ቢኖርባትም የምትለምነው ራሷ ናት።

ዲላ ውስጥ የስፔን ቋንቋ የሚያውቅ ማን አለ? አለ እንጂ! ከመናኸሪያው ጀርባ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጡት ጋሼ ልዑልሰገድ፣ በደርግ ጊዜ በአሥራ አንድ ዓመታቸው ኩባ ተልከው የከብት ሕክምና ተምረው የተመለሱ ናቸው። አሰገደች ማክሰኞና ዓርብ ከለቀማ ስትወጣ እሳቸው ዘንድ ትሄዳለች። ዕቃ የተጫነበት በርጩማ ይለቀቅላታል፤ በፍየል መድኃኒትና በዶሮ ክትባት መሃል ትምህርት ይጀመራል።

«ኦላ። ሰላም ማለት ነው» አሏት በመጀመሪያው ቀን።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«በቃ ነው።»

«እንዴት በቃ ይሆናል ጋሼ? ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ሳይጠየቅ? እንዲህ ሰላም የሚል የተጣላ ሰው ነው!»

ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ኮሞ ኤስታስ አለልሽ፤ እንዴት ነሽ ነው። ከብቱን ግን ተይው፣ ከብት የላቸውም።»

አሰገደች ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ፍሬ ቡና በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። የመጀመሪያዋ ፍሬ ኦላ ኢሃ፤ ሰላም ልጄ። ሁለተኛዋ ሜ ያሞ አሰገደች። ሦስተኛዋ ሶይ ቱ ማድሬ፤ እናትሽ ነኝ። ባጃጅ ላይ ተቀምጣ ቋጠሮውን በጣቶቿ እየዳሰሰች፣ አንድ ሁለት ሦስት እያለች ወደ ጪጩ ትመለሳለች።

«የእነሱ ቋንቋ ነኝን ነው የሚያስቀድመው» አሏት ጋሼ። «እኛ እናትሽ እንልና ነኝን መጨረሻ ላይ እናመጣዋለን። እነሱ ሶይ ብለው ይጀምራሉ። ነኝ፣ ያንቺ፣ እናት።»

«ጥሩ ነዋ! አንዴ ነኝ ካልኩ ማን ይመልሰኛል» አለች አሰገደች።

ሙቾ ጉስቶንም ነገሯት። ሰው መጀመሪያ ሲተዋወቅ የሚለው ነው፤ ስላወቅሁሽ ደስ አለኝ እንደማለት። «ለልጄ እለዋለሁ?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለማታውቂው ሰው እንጂ ለልጅሽማ አይባልም አሏት። እሷም ፍሬ ሳትቋጥርለት አለፈችው።

የዘመድ ስም የተማሩ ዕለት ማድሬ እናት፣ ፓድሬ አባት፣ ኤርማና እህት እያሉ ቲያ ላይ ደረሱ። «ቲያ አክስት ነው።»

አሰገደች እጇን አነሳች። «ይቺን አልፈልጋትም ጋሼ። ይለፏት።»

«ለምን? ቃል ምን ይከብዳል?»

«ይቺ ትከብዳለች።»

ያን ቀን ሁሉን ነገረቻቸው። ጋሼ ልዑልሰገድ ተነስተው መደርደሪያው ላይ ያለውን መድኃኒት አስተካከሉ። «እኔ ስመለስ እናቴ በሕይወት ነበረች» አሉ በኋላ። «ኩባ አማርኛና ስፓኒሽ ስማር የእሷን ትግርኛ ረስቼዋለሁ። እሷ ደግሞ ሌላ አታውቅም። እጄን ይዛ ታለቅሳለች፣ እኔ አያታለሁ። ዓመት ሳይሞላ ሞተች፤ አንድ ነገር ሳንነጋገር። አንቺ ንገሪያት። ቢያማትም ትስማው።»

ትንቢት በምትመጣበት ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ አሰገደች ከዲላ ስትመለስ ጓሮው ቀለም ቀለም ሸተታት። በእንሰቱ መሃል ባለው የሙሉካ የሲሚንቶ መቃብር ላይ፣ ከባሏ ስም ሥር፣ ገና ያልደረቀ ጽሑፍ አለ። ጎረቤቷን ጠርታ አስነበበች። «እና ባለቤቱ አሰገደች፣ ሰኔ 2001» ይላል።

«ታዲዮስ! ቆሜ እየሄድኩ?»

«ታዲያ ምን ላሳያቸው?» አለ ታዲዮስ፣ እጁ ላይ ያለውን ቀለም በእንሰት ቅጠል እየጠረገ። «መቃብር ሊያዩ ነው የሚመጡት። እኛ ዘንድ ሰው የሚቀበረው በገዛ ጓሮው መሆኑን ለኢዮስያስ ነግሬዋለሁ። የሐሰት ምስክርነት ያሳስራል፤ እኔንም አንቺንም። ለመንደሩም ነግሬያለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ገነት ነሽ።»

ለመንደሩ ሁሉ ቢነግር ለእኔ አፍ አልነገረም አለች በልቧ፤ ቋጠሮዋንም ዳሰሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ከኢዮስያስ ጋር በጭጋግ መጡ። መኪናዋ ከጭቃው በላይ አልወጣ ስላለች ቀሪውን በእግር ወጡት። ትንቢት ረጅም ሆናለች። ግንባሯ የሙሉካ ነው፤ አንድም አልቀረው።  ያሳደገቻት ፒላር፣ ሽበታም ደግ ሴት፣ ክንዷን ይዛታለች። አሰገደች ወደፊት ተራመደች፣ የመጀመሪያዋን ፍሬ ጨበጠች፤ ግን ታዲዮስ ቀደማት። «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ በዚህ በኩል» ብሎ በቀጥታ ወደ ጓሮ ወሰዳቸው።

ልጅቷ መቃብሩ አጠገብ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። አበባዋን አስቀመጠች። በጣቷ አዲሱን ጽሑፍ፣ የማታነበውን ፊደል፣ ቀስ ብላ ተከተለችው።

«ኦላ፣ ማማ» አለች።

አሰገደች ለእሷ የተባለ መስሏት «አቤት» ልትል ነበር።

«ሜ ያሞ ክላራ ትንቢት። ሶይ ቱ ኢሃ።»

ኢዮስያስ ሊተረጉም ሲል አሰገደች ክንዱን ያዘች። አላስፈለጋትም። የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ነው፤ እያንዳንዷን ቃል ሰማቻት። ስሜ ክላራ ትንቢት ነው። ልጅሽ ነኝ። ልጇ በሦስት እርምጃ ርቀት ጀርባዋን ሰጥታ ከሲሚንቶ ጋር ትተዋወቃለች። አሁን፣ አሁን ልበላት ብላ አፏን ከፈተች።

ልጅቷ ግን ቀጠለች፤ እየፈጠነች፣ እየተናነቃት። ከዚህ ወዲያ ያለውን አሰገደች አልተማረችውም። ኢዮስያስ በዝግታ ነገራት። «አብራኝ በአንድ አውሮፕላን የሄደች ልጅ አለች ትላለች። አምና መጥታ እናቷን በሕይወት አገኘቻት። እናትየዋ እያለች ነው የሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ ሰው አልሆነችም፤ ሁለት ጊዜ ራሷን ልታጠፋ ሞከረች ትላለች። እኔ ግን፣ እማዬ፣ አንቺ ስላልተውሽኝ አመሰግንሻለሁ። የወሰደሽ ሞት ነው። ያደግሁት ይቺን እውነት ብቻ ይዤ ነው ትላለች።»

ይቺን ብቻ! አሰገደች እንሰቱን ተደገፈች። ታዲዮስን አልፈራችም፣ እስሩንም አልፈራችም። የፈራችው ልጅቷ በእጇ የያዘቻትን ያችን አንዲት ነገር መንጠቅ ነው። እናትሽ ነኝ ብላ ምን ትሰጣታለች? ሌላ ምን አላት?

ትንቢት ተነሳች። ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ወደ አሰገደች መጣች፤ በጭቃማ እጆቿ ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻቸው። ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ፣ ትሰማኛለች ብላ ሳይሆን ዝም ማለት ቢከብዳት፣ «ኢ ቱ? ኮሞ ቴ ያማስ?» አለቻት። አንቺስ? ስምሽ ማነው?

«ሜ ያሞ…» አለች አሰገደች።

ልጅቷ በድንጋጤ ዓይኗ ፈጠጠ። «አብላ እስፓኞል! ማማ፣ አብላ እስፓኞል!» ብላ፣ ቋንቋችንን ትናገራለች ስትል፣ ወደ ፒላር ጮኸች። ያን ያህል ደስታ በዚያ ጓሮ ታይቶ አያውቅም። ስሙ ግን ገና አልወጣም። አሰገደች በልጅቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ቀለሙን አየች። አሰገደች እዚያ ተጽፋለች፤ ልጇ ያመሰገነቻት እሷን ነው።

«ሜ ያሞ ገነት» አለች።

«ገነት!»

«ሶይ ቱ…» ነኝን አስቀድማለች፤ ከዚህ ወዲያ መመለስ የለም ብላ ነበር። ልጅቷ እጇን ጨብጣ የቀረውን ቃል ትጠብቃለች። አሰገደች ሳታጠና ያለፈችው፣ ፍሬ ያልቋጠረችለት ቃል ግን ራሱ መጣ። የጠሉት ይወርሳል፣ የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ።

«ሶይ ቱ ቲያ።»

ትንቢት አቀፈቻት። ከሦስት ዓመቷ ወዲህ አሰገደች ያን አንገት አልነካችውም። ሳሙናውን፣ የመኪናውን ጭስ፣ የባዕድ አገሩን ሽቶ አልፋ ልጇን ፈልጋ አሸተተቻት። ቶሎ እንዳትለቃት እየፈራች ቆመች፤ ጥብቅ አድርጋ እንዳትይዛትም ፈራች፣ አክስት እንዲያ አድርጋ አታቅፍምና።

«ሙቾ ጉስቶ፣ ቲያ» አለቻት ልጅቷ በጆሮዋ።

«ሙቾ ጉስቶ» አለች አሰገደች።