ሁለተኛዋ ቺፕ

«በኢየሱስ ስም! የልጄ ሥራ ይባረክ!» ብላ ያለምወርቅ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ዕቃ ላይ እጇን ስትጭን፣ ከጣቷ ሥር ጣ! ብላ አንዲት ብልጭታ ዘለለች።

«እማዬ! ምን አደረግሽ?» ሔርሜላ ፎጣዋን ጥላ ሮጠች።

«ጸለይኩልሽ! እጅ መጫን ነውር ሆነ እንዴ?»

ነውሩ የለበሰችው የሱፍ ሹራብ ነበር። በደሴ ደረቅ ብርድ እንዲህ ያለ ሹራብ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ከጣቷ ሥር በነበረችው የኮምፒውተር ቺፕ ላይ ያሉት መስመሮች ደግሞ አንዲት ፀጉር በቁመቷ ሺህ ቦታ ብትሰነጠቅ የአንዷን ስንጣቂ ያህል ቢወፍሩ ነው፤ ያቺ ብልጭታ ለእነሱ መብረቅ ናት። ሔርሜላ መልእክት የሚቆልፍ ቺፕ ነድፋ፣ ውጭ አገር ተሠርተው የመጡላት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዷ ሞተች። የቀረችው ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ፈታኞች ፊት ካልሠራች፣ ሁለተኛ ዲግሪው ለከርሞ ነው።

«አንቺ እዚሁ ቅሪ፣ እማዬ።»

«ገድዬ ከቀብሩም ልቅር? እሄዳለሁ!»

«እንግዲያው ሹራቡን አውልቂ!»

አወለቀች። ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ሲጠማዘዝ በስስ ቀሚስ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ በረደኝ ግን አላለችም።

አዳራሹ ውስጥ ሔርሜላ የእጅ አንጓዋን ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት በሚያወርድ ሽቦ አስራ፣ ቺፗን በመቆንጠጫ ቦታዋ አስገባች። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ያለምወርቅ እጆቿን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ከሩቅ ተመለከተች።

«መልእክቱን መሐል ገብቼ እጠልፈዋለሁ» አሉ ዋናው ፈታኝ ዶክተር ጸጋው።

ሁለተኛዋ ፈታኝ ዶክተር መርየም ቺፗ በተያያዘችበት ኮምፒውተር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በጸጋው ኮምፒውተር ላይ የወጣው ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ብቻ ነው። ደጋገሙት፤ ያው። መፍቻው ባለበት በሔርሜላ ኮምፒውተር ላይ ግን ጽሑፉ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ወላሂ፣ ቃል በቃል የኔው ነው!» አሉ መርየም ብድግ ብለው።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ በላይ የያለምወርቅ እልልታ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እሱም አልበቃትም።

«አንዴ እኔም ልጻፍ!»

ማንንም ሳታስጠጋ፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀመች ጻፈች። ሔርሜላ በበኩሏ አነበበችው፤ ሳቀችም አለቀሰችም። ጸጋው ፊት ያው ዝብርቅርቅ ነው።

«እናቴ፣ ምን ብለው ጻፉ?» አሉ ጸጋው።

«የተማሩት እርስዎ! ይፍቱታ!»

ጸጋው እየሳቁ ጠረጴዛውን ዞረው ወደ ሔርሜላ ኮምፒውተር መጡ። ሔርሜላ እናቷን አየቻት፤ ያለምወርቅ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች። ከዚያ እሳቸው ሳይደርሱ መልእክቱን አጠፋችው።