ሻማው፣ ብርጭቆውና አክስቴ

አክስቴ የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ባልዲዋንና መወልወያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ስትጠብቅ፣ መምህሩ የሚሠሩትን ሙከራ በዓይኗ ትቀዳለች። ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ትመጣና እናቴን ከገዛ ወጥ ቤቷ አስወጥታ እኔንና ሁለቱን ወንድሞቼን ጠረጴዛው ዙሪያ ትኮለኩለናለች። አባቴ ገና ድምጿን ሲሰማ «ፕሮፌሰሯ መጣች፣ አቼቶውን ደብቁ!» ይላል። ቅር አይላትም፤ እንዲያውም በሳቅ ትፈርሳለች።

ያ አቼቶ ስንቱን አሳይቶናል! እንቁላል ሁለት ቀን ዘፍዝፈን ቅርፊቱ ሟሙቶ ሲለሰልስ፣ ቤኪንግ ሶዳ ስንጨምርበት ገንፍሎ እናቴን ሲያስጮሃት። ዛሬም አቼቶ በሸተተኝ ቁጥር ያ ወጥ ቤት ድቅን ይልብኛል፤ ጥጉ የተሸረፈው ጠረጴዛ፣ አልዘጋ ያለው መስኮት፣ ሳህኑ ውስጥ ሊገባ የደረሰው የታናሽ ወንድሜ አፍንጫ። ይናፍቀኛል፤ ምን እደብቃለሁ።

መምህሩ የሙከራውን ምክንያት የሚያስረዱት በማግስቱ ነው። በማግስቱ ደግሞ አክስቴ ሌላ ፎቅ ነው የምታጸዳው። ስለዚህ ምን እንደሚሆን እንጂ ለምን እንደሚሆን አታውቅም። «ለምኑን እናንተ ንገሩኝ» ትለናለች። ታናሽ ወንድሜ «እንቁላሉ ሞቆት ልብሱን አውልቆ ነው» ሲል እንኳ አትስቅበትም። «ሊሆን ይችላል» ብላ ታስብበታለች።

ከሁሉ የምንወደው የሻማውን ነበር። ሳህን ላይ ሻማ ታቆማለች፤ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ታፈስበታለች፤ ሻማውን ለኩሳ ብርጭቆ ትደፋበታለች። እሳቱ ሲጠፋ ቀዩ ውሃ በብርጭቆው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ እሷ የምታጸዳበት ትምህርት ቤት ገባሁ። በዚያው ሰሞን ይህንኑ ተማርን። ቅዳሜ እስኪደርስ ቸኩዬ ነበር።

«እሳቱ ኦክስጅኑን በላው፣ ውሃው ቦታውን ያዘ። አለቀ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

አክስቴ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ብርጭቆውን አየችው። «እሺ፣ የኔ እመቤት። ግን እሳቱ እየበላ ሳለ ውሃውም ቀስ በቀስ መውጣት አልነበረበትም? ሻማው ሲነድ ንቅንቅ አይልም እኮ። ከጠፋ በኋላ ነው የሚወጣው።»

ወንድሞቼ ሳቁብኝ። ደሜ ፈላ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? የጽዳት ሠራተኛ ነሽ እንጂ አስተማሪ አይደለሽም!»

አክስቴ ሳህኑን አጠበች፣ ሻማዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እውነትሽን ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ስትመጣ ሳሎን ቁጭ ብላ ከእናቴ ጋር ታወራለች። አባቴም ፕሮፌሰር ብሎ መጥራቱን ተወ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አድጌ የሳይንስ አስተማሪ ለመሆን ኮሌጅ ገባሁ። አንድ ቀን መምህራችን ያ የኦክስጅን ማብራሪያ ስህተት መሆኑን አስረዱን። እሳቱ አየሩን ያሞቀዋል፤ የሞቀው አየር ሰፍቶ ከፊሉ በብርጭቆው ጠርዝ ያመልጣል፤ ሻማው ሲጠፋ የቀረው ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ ያኔ የውጭው አየር ውሃውን ገፍቶ ያስገባዋል። ማስረጃቸው ምን ነበር? ውሃው በደንብ የሚወጣው ሻማው ከጠፋ በኋላ መሆኑ! እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ቀረ።

ሄጄ ልነግራት ይገባኝ ነበር። እፍረት አፌን ያዘኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ዓመታት ነጎዱ። ባለፈው ወር ሰባት ዓመት የሞላት ልጄ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሙከራ የቤት ሥራ ይዛ ስትመጣ፣ እጇን ይዤ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች።

«አክስቴ፣ የሻማውን አሳዪያት» አልኳት። «እኔ ምን አውቃለሁ» ብትለኝ ምን ይውጠኝ ነበር?

ተነሥታ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ከፈተች። ጠርዙ በቀይ ሥር የቀላ ሳህን፣ ቂጡ በጥላሸት የጠቆረ ብርጭቆ፣ አውራ ጣት የምታክል የሻማ ቁራጭ አወጣች።

«እስካሁን ትሠሪዋለሽ?»

«አልፎ አልፎ» አለች፣ ሳህኑን እየወለወለች። «አንቺ ተምረሽ ነዋ የተናገርሽው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ፣ ምናልባት አንድ ቀን እየነደደ ሳለ ሲወጣ አየው ይሆናል እያልኩ እሞክረዋለሁ። አንድም ቀን እሺ አላለኝም።»

እንባዬ ቀደመኝ። «አልተሳሳትሽም፣ አክስቴ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከኮሌጅ ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ይቅር በይኝ።»

ከዚያ ክብሪቱን ለልጄ አቀበለቻት። ሦስታችንም አገጫችንን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ጠበቅን። ሻማው ጠፋ፤ ውሃው ወጣ።

«ለምን?» አለች ልጄ።

ላስረዳ አፌን ስከፍት አክስቴ በእጇ ምልክት አስቆመችኝ። «ቆይ አንቺ አስተማሪ። መጀመሪያ ልጅቷ ትንገረን። ያንቺን ከእሷ ቀጥዬ እሰማዋለሁ፤ ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ።»