የማትታጠበው ተልባ

ባንችይርጋ ነገር ካላበዛች የሠራች አይመስላትም። ሐኪሟ ለባሏ ያዘዘችው የሆድ ማጠቢያ መድኃኒት እንኳ አነሰባት። «በምርመራው ዋዜማ ከመድኃኒቱና ከጠራ ውኃ በቀር ምንም እንዳይቀምሱ» ተብሎ ነበር። እሷ ግን ሆድ ለማጠብ ከተልባ ወዲያ ምን አለ ብላ፣ ወቅጣ በጥብጣ አንድ ጣሳ ሙሉ አጠጣችው! አድማሴም ጠጣ። የላሊበላ አስጎብኚ ነው፤ ቱሪስት ፊት ማንም አያስቆመውም፣ ለሚስቱ ግን እሺ ባይ ነው።

ለምርመራው ብቻ እምቢ ብሎ ከርሟል። ታላቅ ወንድሙ አለሜ በትልቁ አንጀት ካንሰር ከሞተ ወዲህ፣ ወንድምና እህት ሁሉ ይታይ ቢባልም «በኋላዬ ካሜራ? ሞቼ እገኛለሁ!» ይል ነበር። አልቅሳ፣ በማርያም ብላ ነው ደሴ ድረስ ያመጣችው። «አንድ ጊዜ ብቻ! ከመለሱኝ ዳግመኛ አልመጣም» ብሎ ምሏል።

እሷ ካልገባች አልገባም ስላለ አጠገቡ ቆመች። ዶክተር ትዝታ፣ የላሊበላ ጎረቤት የኩልመስክ ልጅ፣ ቀጭኑን ቱቦ እያስገባች ስክሪኑን ስታይ ፊቷን ቋጠረች።

«እትዬ፣ ምን አበሏቸው?»

«ተ... ተልባ» አለች ባንችይርጋ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። አፈር በበላሁ! በገዛ እጄ ላስመልሰው!

«በድሮው መሣሪያ ቢሆን ተመለሱ እል ነበር።» ሐኪሟ አንዲት መርገጫ ስትረግጥ ከቱቦው ጫፍ ውኃ ተፈናጠረ። «ይኼኛው ግን እያጠበ ይሄዳል። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ!»

አድማሴ በጎኑ እንደተኛ ሳቀ። «እዩት ሆዴን! የቤተ መርቆሬዎስን ዋሻ ያስንቃል። እኔ ሰው የማስገባው በጨለማ ነው፤ እናንተስ መብራት አላችሁ!»

ድንገት ማሽኑ ጢጥ አለ። በአንዲት ነጥብ ዙሪያ አረንጓዴ ሳጥን ወጣ።

«እሷም ተልባ ናት» አለች ባንችይርጋ ቶሎ ብላ።

ሐኪሟ ውኃ ለቀቀችባት። አልሄደችም። ደግማ ለቀቀችባት፤ ወይ ፍንክች! ሳቁ ጠፋ።

«እባጭ ናት። ኮምፒውተሩ ባይጠቁመኝ እኔም ተልባ ብዬ አልፋት ነበር። እንዲህ ያለችው ናት ዓመታት ቆይታ ካንሰር የምትሆነው።» በቱቦው ውስጥ የሽቦ ቀለበት ሰድዳ ቆርጣ አወጣቻት።

ባንችይርጋ እንባዋ ወረደ። ምነው ለአለሜም በደረሰለት!

ከሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። እባጯ ገና አልከፋችም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ይምጡ ተባለ። ያ አንድ ጊዜ ብቻ ብሎ የማለው ሰው «እሺ» አለ። ወዲያው ፍላቂት ላለችው እህቱ ለወለተ ሐና ደወለ።

«ሰኞ ደሴ እንሄዳለን። እምቢ የሚባል ነገር የለም፤ አስጎብኚሽ እኔ ነኝ። አደራሽን፣ ባንችይርጋ ተልባ ብትሰጥሽ እንዳትጠጪ!»