ድስት አራሚው

ባል ማማረሩን ሲያቆም ሚስት መጠርጠር ትጀምራለች። ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም፤ ፋርማሲስቷም ትምህርት ቤት አላስፈለጋትም።

ሐኪሙ ባሏን «ግፊትህ ከፍ ብሏል፤ ጨውን፣ ስኳርንና ዘይትን ተሰናበት» ካለው ወዲህ የቤቱ ምግብ በቀጥታ ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ የወረደ ይመስል ነበር። ዱባ ተቀቅሎ፣ ካሮት ተቀቅሎ፣ ምስር ተቀቅሎ፤ እሁድ እሁድ ለለውጥ ያህል ሦስቱም አንድ ላይ ይቀቀላሉ። ሻዩ የሻይ ቅጠልን በሩቁ የተሳለመ ሙቅ ውሃ ነው። ባልዬው በየማታው ማንኪያውን አንሥቶ «ይሄ ከምግብ በፊት ነው ወይስ ከምግብ በኋላ የሚወሰደው?» ይላታል። እሷም «በቀን ሦስት ጊዜ፤ ሳታኝክ ብትውጠው ይሻላል» ትለዋለች።

የሚገርመው፣ እሷ ግፊት የሚባል ነገር የለባትም። ግን «እሱ ቅቅል እየዋጠ እኔ ጥብስ አልቆረጥምም» ብላ እሷም ጨውን እርግፍ አድርጋ ተወች። እኅቷ ቤት ስትጋበዝ እንኳ ጣዕም ያለውን ሳህን በጣቷ ወደ ጎን ትገፋለች። ፍቅር ብዙ ጣዕም አለው ይባላል፤ የእሷ አልጫ ነበር።

ታዲያ አንድ ሰሞን የባልየው ማማረር ቆመ። መጀመሪያ እጁን የሰጠ መስሏት ደስ አላት። ቀጥሎ ምሳ ዕቃው ባዶውን መመለስ ጀመረ። ይሁን። ከዚያ ደግሞ ታጥቦ መጣ። ቤቱ ውስጥ አንዲት ብርጭቆ አለቅልቆ የማያውቅ ሰው፣ የታጠበ ምሳ ዕቃ እንደ ዋንጫ በብብቱ ይዞ፣ እያፏጨ ገባ። ጉንጯን ሲስማት ደግሞ ቅርንፉድ ቅርንፉድ አላት።

«ዛሬ ምሳ እንዴት ነበር?» አለችው።

«ግሩም።»

ዱባ ነበር። አእምሮው ያልተነካ ሰው የተቀቀለ ዱባን ግሩም አይልም።

«ከማን ጋር በላህ?»

«ከነጠላ ሰረዝ ጋር ነዋ። ከማን ጋር ልበላ?»

ባሏ የማተሚያ ቤት አራሚ ነው። እዚያ እርማት የሚሠራው በጥንድ ነው፤ አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ከነሥርዓተ ነጥቡ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው እርሳሱን ይዞ የታተመውን ገጽ ይከተላል። የባሏ አንባቢ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ራሳቸው የተላጨ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሲያነቡም፣ ደረጃ ሲወጡም፣ ሰላም ሲሉም መሃል ላይ ቆም ስለሚሉ ነጠላ ሰረዝ የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ጉሮሯቸው እንዳይደርቅ ሻይ የሞላ ፔርሙስ ከአጠገባቸው አይጠፋም።

ፋርማሲስቷ የታጠበውን ምሳ ዕቃ ክዳን ገልብጣ ስታየው ጠርዙ ላይ አንዲት ፍሬ ተጣብቃ አገኘች። በማግስቱ መድኃኒት ቤት ወስዳ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጠቻት። ከሙን ናት። በቤቷ ከሙን ገብቶ አያውቅም። ስልኳን አንሥታ ታናሽ እኅቷ ጋ ደወለች።

«ሌላ አለበት» አለቻት።

«ውይ በሞትኩት። ማናት?»

«ሽማግሌ ነው። መላጣ።»

እኅትየው ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። «እና ምን ሆንሽ?»

«ባሌን ይመግበዋል።»

«ታዲያ ሰው ሰው ሲመግብ ምን ነውር አለው?»

«አንቺ አይገባሽም። ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ለሴት ይለቀስልኛል፣ ሽማግሌ ይላክልኛል፣ እናቴም ከጎኔ ትቆማለች። ለከሙን ማን ይላክልኛል?»

«እቴ፣ ትንሽ ጨው ቅመሺ፤ ጭንቅላትሽን ሳይጎዳሽ አልቀረም» አለቻት እኅቷ።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ፋርማሲስቷ ነጭ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ማተሚያ ቤቱ ገሰገሰች። በልቧ ክሱን ጽፋ ጨርሳለች። ሰውየው በዘይት ይጠብስለታል፤ ጨው በእፍኝ ይበትንበታል፤ ባሏን በጣዕም እያባበለ ሊገድልባት ነው። ደረጃውን ስትወጣ የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ተቀበላት። ምራቋን ዋጠች፤ በምራቋም ተናደደች።

የአራሚዎቹ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ነጠላ ሰረዝ የእሷን ምሳ ዕቃ ከፍተው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ በሥራ ድምፃቸው እያነበቡት ነው።

«ዱባ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ያለ ልክ የተቀቀለ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ጨዋ ነገር ግን ዝምተኛ፣ አራት ነጥብ።»

«ይታረም?» አለ ባሏ፣ እርሳሱን ከጆሮው ሳያወርድ።

«ይታረም።»

ሽማግሌው መሳቢያቸውን ሳቡ። ቀይ እስክሪብቶ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ትንንሽ የክኒን ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ ባሏ «ለወረቀት መርፌ ይሆነኛል» ብሎ ከእሷ መድኃኒት ቤት የወሰዳቸው ባዶ ዕቃዎች። አሁን ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሰሊጥና የደረቀ ዝንጅብል ሞልቶባቸዋል። ሻይ ለማሞቂያ በተፈቀደችው ምድጃ ላይ ከሙኑንና የተከተፈውን ነጭ ሽንኩርት በደረቁ አመስ አመስ አደረጉና ዱባው ላይ ነሰነሱ፤ ሎሚ ጨመቁበት። ባሏ በማንኪያው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። የእሷ ገበታ ላይ እንዲህ ቸኩሎ አያውቅም።

ሌላ ምግብ ቢሆን ምን አለበት። ይሄ ግን የራሷ ድስት ነው። የበሰለው በእሷ እሳት፣ የተመሰገነው በሌላ ሰው እጅ። በሩን ገፍታ ገባች።

«ጨው የታለ?» አለች። ሰላምታ የለም።

ባሏ ማንኪያውን ይዞ ደረቀ። ነጠላ ሰረዝ ግን እንደ ልማዳቸው ትንሽ ቆም ብለው «ነይ ግቢ፣ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉ።

«ጨዉን አምጡት ነው የምልዎት።»

«ጨው የለም።»

ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከፍታ አሸተተች። ከምድጃው ኋላ አየች። ጠርሙስ ፈለገች፤ የዘይት ጠብታ እንኳ የለም። ጥፋት ብታገኝ ምንኛ በታደለች። የሐኪሙ ትእዛዝ አንዲት ቃል ሳትጓደል ተከብሯል፤ ለዚህ የሚሆን ክስ አልጻፈችም።

ሽማግሌው ሹካ አቀበሏት። እንቢ ልትል ነበር፤ ምላሷ ቀደማት። ጎረሰች። ከተኛ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ምላስ ከእንቅልፉ ሲነቃ ያቃጥላል። ዓይኗ ሞላ።

«ሎሚው ነው» አለች።

«አዎ፣ ሎሚ እንዲያ ነው» አሉ ነጠላ ሰረዝ በጨዋነት።

ወደ ባሏ ዞረች። «የእኔ ምሳ እኮ አሁንም ባንኮኒው ሥር አለ። ካሮት። ከአንተ ጋር የምበላ መስሎኝ ለብቻዬ ስበላ ከረምኩ።»

«ትከፊያለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

«አሁንስ ደስ ብሎኛል?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «እሷም ይሄንኑ ነው የምትበላው?» አሉት። «አልነገርከኝም። እኔ ለራሷ ጥሩ ጥሩውን ሠርታ፣ ላንተ ደግሞ የሐኪም ነገር ሆኖባት መስሎኝ።»

ባሏ ሳህኑን ተመለከተ። ሳህኑ አላስጣለውም።

ነጠላ ሰረዝ ነገሩን ለማብረድ ከፔርሙሱ ሻይ ቀዱላት። ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ሄል፤ ስኳር የለውም። ሳይጎርሱ የሚያጠግብ ሽታ አለው። ፋርማሲስቷ ፉት አለችና ብርጭቆውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ከገባች ጀምሮ ያልነበረ ብርሃን መጣ።

«ቅርንፉዱ በዝቷል» አለች። «እኛ ጋ ይሄን ለጥርስ ሕመም ነው የምንሰጠው።»

በዚያ ማተሚያ ቤት ነጠላ ሰረዝን ያረማቸው ሰው ተሰምቶ አይታወቅም። ከራሳቸው ብርጭቆ ፉት አሉ። አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት።

«ድዴ ደንዝዞ ቀርቶ ነው እንጂ...» አሉ። ቀጠሉናም፣ «ስንት ፍሬ ይበቃዋል ትያለሽ?»

«አንድ። እሱም እሳቱ ከጠፋ በኋላ።»

«ቀረፋውስ?»

«ቀረፋው ቀድሞ ይንተክተክ። ወንበር ጠጋ ያድርጉልኝ።»

ጠጋ አደረጉላት። ባሏ መሃል ላይ ነበር፤ ትንሽ ወደ ዳር አሉት። የምሳ ሰዓቱ አልቆ ስትወጣ ሁለቱ ስለ ሄል ፍሬ ቆዳ ገና አልተስማሙም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምሳ ዕቃው መመላለስ ያዘ። እሷ አጃ በቴምር ለውሳ፣ ሰሊጥ ነስንሳ፣ በምድጃ ያደረቀችውን ትልካለች። እሳቸው በሎሚ ልጣጭና በቁንዶ በርበሬ የተቆላ ሽንብራ ይመልሳሉ። እሷ «ሽንብራው በደንብ አልደረቀም በላቸው» ትላለች። እሳቸው «ቴምሩ ቀላል ይበል በላት» ይላሉ። ባልዬው ይላል። በጥንድ ሥራ ውስጥ አንባቢና ተከታይ እንጂ ተላላኪ የሚባል መደብ የለም፤ እሱ ግን ፈር ቀደደ።

ግፊቱ ወረደ፤ ሐኪሙ አመሰገነው። የቤቱ ገበታም ቀለም አገኘ፤ ምስሩ ዝንጅብል፣ ካሮቱ ከሙን አወቀ። ሰውየው ሁሉ ነገር ሞልቶለት ሳለ ግን ፊቱ እየከሳ ሄደ። ማታ በሩን ሲከፍት ሚስቱ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትመጣለች። «እንዴት ዋልክ» ድሮ ቀረ።

«ቀመሱት?»

«ቀመሱት።»

«ምን አሉ?»

እሱም ቆሞ ቃል በቃል ያደርሳል። እሷ ሰምታ ትስቃለች፤ «አይ ሽማግሌ» ትላለች። እሱ ሲቀልድ እንዲያ አትስቅም። ቢሮም ያው ነው። ነጠላ ሰረዝ መጽሐፍ እያነበቡ መሃል ላይ ቆም ይሉና «ይቺ ሚስትህ ግን፣ ምላሷ እኮ፣ የተባረከ ነው» ይላሉ። ተከታዩ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አጥብቆ ስለሚጫን የእርሳሱ ጫፍ ይሰበራል።

አንድ ማታ እሷ አዲስ የሠራችውን የዱባ ፍሬ ብስኩት ልካ ጠበቀችው። ቀኑን ሙሉ ልቧ ተንጠልጥሎ ነው የዋለችው። ሽማግሌው ቀን በልተውት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም ነበር፤ ለእሳቸው ይህ ሙሉ መጽሐፍ ማለት ነው።

«እሺ፣ ምን አሉ?»

ባልዬው ጫማውን እየፈታ ነበር። ቀና አላለም።

«አልወደዱትም» አላት።

«ምን ጎደለው አሉ?»

«ምንም አላሉም። ፊታቸው ነው የተናገረው። ሁለተኛ አትላኪ።»

ፋርማሲስቷ አየችው። የጆሮው ጫፍ ቀልቷል፤ የጫማው ማሰሪያ ከተፈታ ቆይቷል፣ እሱ ግን አሁንም እየፈታው ነው። ይህን በሽታ ታውቀዋለች፤ ራሷ ታማው፣ ነጭ ካፖርት ለብሳ ደረጃ ለደረጃ ሮጣበታለች።

ወደ ማእድ ቤት ገብታ፣ ከምድጃው ላይ ትኩስ ብስኩት በሳህን፣ ከድስቱ ሻይ በብርጭቆ ይዛ ተመለሰችና ፊቱ አስቀመጠች። ወንበር ስባ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ አገጯን በእጇ ደገፈች።

«ለማን ይዤ ልሂድ?» አለ።

«የትም አትሄድም። ቅመስና ንገረኝ። አንተ።»

ባልዬው ቆረሰ። አኘከ። እንደ ነጠላ ሰረዝ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቆም አለ። ዓመት ሙሉ «ብላ» እንጂ «ምን ይጎድለዋል» ያለው ሰው አልነበረምና ጊዜውን ወሰደ። እሷም ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

«ጨው ቢኖረው...»

«ሌላ ሐሳብ አለህ?»

ሁለተኛውን ብስኩት አነሣና እንደገና ማሰብ ጀመረ።